ከሶላት ቤቱ በታች ያለችው ማሳ

ነይ ዩስኒዬ፣ ነይ አረፍ በይ። ከድስቱ ወዲህ ሁኚ፣ ጭሱ ወደዚያ ነው የሚሄደው። ልጆች እንዴት ናቸው? ባልሽስ ጉልበቱን ተሻለው? አልሃምዱሊላህ፣ አልሃምዱሊላህ። እኛም ደህና ነን። ዝናቡ ዘንድሮ አላስከፋም፣ ችግኙም ጥሩ ይዟል፣ ቃሪያው ብቻ ነው አልቀመስ ያለው። ትናንት ፓያኩምቡህ ገበያ ሴትዮዋ ዋጋውን ስትነግረኝ ተሳስቼ ወርቅ ቤት የገባሁ መስሎኝ ነበር። ቢሆንም ላንቺ አልሰስትም። ከቱፓትሽን ልቆራርጥልሽና የኮኮናት ወጡን ደህና አድርጌ ላፍስበት። ሩዙ የተጠቀለለበትን ቅጠል ተይው፣ እኔ እፈታልሻለሁ። ብይ።

ምን ያስቸኩልሻል? ዛሬ ዓርብ ነው። እኔም እስከ ጁምዓ ድረስ ከዚህች መደብ አልነሳም። ከሶላት በኋላ ብቻ ነው በጎሳችን ትልቁ ቤት ትንሽ ስብሰባ ቢጤ ያለችን። የቤተሰብ ናት። ስለ አንዲት ማሳ ነው፣ ቀላል ነገር ነው፣ ሴቶቹ ሁላችን እሺ ካልን ያልቃል።

ድምፄን ልቀንስ? ለምን ብዬ? አጠገባችን ሻይ ቤት ስላለ ነው? እሱማ ግድግዳው ሳንቃ ነው፣ ሳንቃውም ካረጀ ቆይቷል፣ እኔ እዚህ ያስነጠሰኝ እንደሆነ እዚያ ዶሚኖ የሚጫወቱት ወንዶች "ይማርሽ" ይሉኛል። ታዲያ ቢሰሙስ ምን አለበት? ወንድሜን እያማሁ ነው እንዴ? ወንድሜ ይኸው በቀዳዳው ይታያል፣ ጀርባውን ሰጥቶን ተቀምጧል፣ የእንቁላል ሻዩን ይዟል፣ ጤናው የተጠበቀ ነው። ስለሱ ምን ወሬ አለኝ? እኔ የምነግርሽ ስለ ሌላ ሰውዬ ነው። ከወንዙ ማዶ ያለ ሰውዬ። አታውቂውም… ብታውቂውም አታውቂውም።

ብልህ ሰው ነው ታዲያ። አርቆ በማየት እንደሱ ያለ በዚህ ሸለቆ አልተወለደም። ሌላው ሰው ነገን ሲያይ እሱ የሚያየው ሃያ ዓመት ወዲያ ነው። እግሩ ሥር ያለውን ካላየ ደግሞ አይፈረድበትም፣ ትልልቅ ሰው እንዲህ ነው። "መሬት ዋጋው ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይሄድም" ይላል ሁልጊዜ። እኛ ሴቶች እንዲህ ያለ ነገር ከየት እናውቃለን? እኛ የምናውቀው መዝራት ነው።

መጀመሪያ፣ አዲሱ አውራ ጎዳና በዚህ በኩል ያልፋል ተባለ። ማን አለ? ደላላው። ደላላውስ ከማን ሰማ? ይህን የሚጠይቅ ተራ ሰው ነው፣ የማዶው ሰውዬ ደግሞ ተራ ሰው አይደለም። ካርታ ዘርግተው አሳዩት። መሬቱ አረንጓዴ ነው፣ መንገዱ ቀይ መስመር ነው፣ ሁለቱ ተነካክተዋል። ከዚህ ወዲያ ምን ይፈለጋል? ሄዶ በእግር መርገጥማ የገበሬ ሥራ ነው። ሚስቱ፣ ያኔ ሚስት ነበረችው፣ "እስኪ በዝናብ ወር ሄደህ እየው" ብትለው፣ "በዝናብ ወር ዋጋው ይጨምራል፣ አሁን በደረቁ ነው መግዛት" አላት። እውነቱን እኮ ነው። በዝናቡ ወር ሊገዛ ቢሄድ በምን ያገኘዋል? በታንኳ?

መንገዱ አልመጣም እንዳልል መጥቷል። በሌላ ወረዳ በኩል መጥቷል። መሬቱም ያው ቦታው ላይ አለ፣ የትም አልሄደም፤ ዋጋው ነው ወደ ታች ሄዶ ሄዶ ወንዙ ዳር የተገኘው። ሊሸጠው ሲወጣ ገዢ የሚባል ጠፋ። ሲገዛ ጊዜ "እኔ ልውሰደው፣ እኔ ልውሰደው" ሲሉ የነበሩት ሁሉ የት ገቡ? አንዱ እንኳ ስልክ አያነሳም። ዛሬ አንድ ሰው ዳክዬ ያረባበታል፣ ማንንም ሳያስፈቅድ። ኪራይ አይከፍልም፣ ግን ጨዋ ሰው ነው፣ ለዒድ የዳክዬ እንቁላል ይልካል። የማዶው ሰውዬ እንቁላሉን ተቀብሎ "ይኸው ትርፉ መግባት ጀመረ" ብሏል አሉ። እኔ ያልኩት እንዳይመስልሽ።

ጨምሪበት እንጂ ወጥ። አይ፣ አይበቃሽም።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይሉ ነበር አባቶች። የፈሪ ተረት ነው እሱ። የማዶው ሰውዬ ጀግና ስለሆነ እባብ ባየ ቁጥር "ልጥ ነው" ብሎ ያነሳዋል። ከመሬቱ ቀጥሎ ባታም ላይ ፎቅ ገዛ። ባሕር ማዶ። ትልቅ ሆቴል ጠሩትና ያበሉት ጀመር፣ ሥጋው በየዓይነቱ፣ ጣፋጩ በየዓይነቱ። ጠረጴዛ ላይ የአሻንጉሊት ፎቅ ተቀምጧል፣ በየመስኮቱ መብራት ይበራል፣ ከሥር እንደ ጣት የሚያህሉ ሰዎች ቆመዋል። "ያቺ መስኮት የኔ ናት" ብሎ በጣቱ ነክቷታል። እና ዛሬ ያልፈረመ ነገ ይጸጸታል ተባለ። ከፊቱ የነበሩ ሰዎች ተሻምተው ሲፈርሙ አየና እሱም ተሻማ። ቆይቶ እነዚያን የተሻሙትን ሰዎች ደላላው ቢሮ ውስጥ ሻይ ሲያቀርቡ አገኛቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ይናደዳል አይደል? እሱ ምን አለ መሰለሽ? "ይኸውልህ፣ እነሱም አምነውበት ሥራ ተቀጠሩበት።" እንዲህ ያለ ንጹህ ልብ ከየት ይመጣል?

ኪራዩ የተረጋገጠ ነው ብለውት ነበር። እውነት ነው፣ ኪራዩ የተረጋገጠ ነው፣ ያልተረጋገጠው ቤቱ ብቻ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ያለው ሰውዬ ምስኪን ነበር፣ ከላም ሌላ የሚያውቀው የለም። ይህኛው ሰማይ ላይ ፎቅ አለው፣ ከነአሳንሰሩ። እስካሁን ከመሬት የወጣው ምሰሶው ነው፣ ከምሰሶው ጫፍ የወጣው ብረት ደግሞ ከባሕሩ ነፋስ የተነሳ ዝጓል። የጎረቤታችን የዩስራ ልጅ ባታም ሄዳ ስትመለስ ነገረችኝ። ለሱም ነገረችው፣ "መሠረቱ ጠንካራ ነው ወይ?" አላት። ጠንካራ ነው አለችው። ደስ ብሎት ሄደ።

ግን ይህ ሁሉ ከሱቆቹ ጋር ሲተያይ የልጅ ጨዋታ ነው።

እስኪ ዩስኒዬ፣ እኛ አገር ገና ጥርስ የሚቀይር ልጅ ሳይቀር የሚያውቀው ምንድን ነው? መሬት የሴት ነው። ከእናት ለሴት ልጅ፣ ከሴት ልጅ ለልጅ ልጅ። ባል በሚስቱ ቤት እንግዳ ነው፣ ወንድም በእህቶቹ መሬት ዘበኛ ነው፤ የማንም ጌታ አይደለም። ይህን በየሠርጉ ቆሞ ለሙሽሮች የሚነግር ማነው? የማዶው ሰውዬ ነው። ድምፁ ደግሞ ሲያምር። የእህትሽ ልጅ ሲያገባ እንዴት አድርጎ ነበር የተናገረው? "ልጄ ሆይ፣ በሚስትህ ቤት ጉቶ ላይ እንዳለ አመድ ነህ፣ ነፋስ ከመጣ ትበናለህ" ሲል ሽማግሌው ሁሉ አላለቀሰም? ምነው፣ አታውቂውም አልኩሽ እንዴ? እንግዲያ ያን ቀን ከማዶ ተጠርቶ መጥቶ ይሆናላ።

እንዲያ አስለቅሶን ሲያበቃ ሄዶ በሚስቱ መሬት ላይ ሁለት ሱቅ ሠራ። ባለ ፎቅ። ሰማያዊ ቀለም፣ የብረት መዝጊያ፣ ከላይ መኖሪያ። ያለ የሌለውን አፍስሶ። "በስምህ መሬት የለህም እኮ" ያለው ሰው ነበር… አንዲት እህት አለችው፣ ምላሷ ከቃሪያዋ ይብሳል እየተባለች የምትታማ፣ ልክ እንደኔ እንደ ሮስማኒያር ያለች ሴት ናት… እሷ ብትለው "አንቺ ቦታ አታውቂም፣ ገበያው መታጠፊያ ላይ ነው እኮ" አላት። ቦታው ወርቅ ነው፣ አይካድም። የሰው ወርቅ አያደምቅም የሚሉት ቀንተው ነው። እሱማ ሁለት ዓመት ሙሉ ደምቆ ታይቷል፣ ፀጉሩን ቀለም እየተቀባ።

ከዚያ ነፋሱ መጣ። ነፋሱ ሚስቱ ናት። ደግ ሴት ናት፣ ብዙ ታግሣለች፣ የባታሙን ፎቅ ችላለች፣ የዳክዬውን ሰውዬ ችላለች። አንድ ቀን ልብሱን አጥባ ተኩሳ፣ ከነትራሱ በንጹህ ጨርቅ ቋጥራ ደጅ አወጣችለት። ሱቆቹን ግን መቋጠር አልቻለችም፣ ይከብዳሉ። አሁን ወንድሟ የዶሮ መኖ ይሸጥባቸዋል። ንግዱ ደህና ነው፣ ቀለሙም አልለቀቀም። የማዶው ሰውዬ በዚያ ሲያልፍ አንገቱን ወደ ሌላ ያዞራል፤ እኔም አብሬው ካለሁ ወደ ሌላ አዞራለሁ።

አሁን የት ያድራል ነው የምትዪኝ? የት ያድር? ያው እንደምታውቂው በእናት ቤት ክፍል ያላቸው ሴቶች ናቸው፣ ያደገ ወንድ በዚያ ክፍል የለውም። ሶላት ቤት ነው የሚያድረው። ጧት ሕጻናት ቁርአን ሊቀሩ ሲመጡ ፍራሹን ጠቅልሎ ጥግ ያቆመዋል። ወንዝ ዳር መሬት ያለው፣ ባሕር ማዶ ፎቅ ያለው፣ ገበያ መሃል ሱቅ የሠራ ሰው ሁሉን ትቶ አላህ ቤት ይተኛል። ዱንያን እንዲህ የናቀ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?

አትሳቂ። እኔ አልስቅም። ዝናብ ሲመጣ ያ ጣሪያ የቱ ጋ እንደሚያፈስ ስለማውቅ ሆዴ ይባባል። ሕጻን ሆኖ በጀርባዬ ነው ያዘልኩት… የማዶውን ሰውዬ ነው የምልሽ። ጎረቤት ነበርን።

ዶሚኖው ዝም አለሳ? ተራ እየጠበቁ ይሆናል። ሙዝ ጥብስ ልስጥሽ? ትኩስ ነው፣ ውሰጂ።

እና ይኸውልሽ፣ አሁን ደግሞ ሀይቅ መጣ። "የሀይቅ ዳር ሱቆች" ይሉታል፣ ወደ ከተማው መግቢያ ላይ። ሀይቁ የት አለ? ይቆፈራል። ሱቆቹስ? ሀይቁ ሲሞላ ይሠራሉ። ቀብድ አስቀድሟል፣ ከየት እንዳመጣው አልተጠየቀም። የቀረችው ትንሽ ናት ይላል። ትንሿ ደግሞ እንዳጋጣሚ ልክ ከሶላት ቤቱ በታች ያለችውን ማሳ ታክላለች። በወለድ አገድ ትያዝ ነው ነገሩ፤ ገንዘቡን ያበደረው ሰው እስኪከፈለው ድረስ ሩዙን እያጨደ ይበላል፣ ሲከፈለው ማሳዋን ይመልሳል። ሲከፈለው… እስኪ በዚህ መንደር በወለድ አገድ ሄዳ፣ ያስያዛት ሰው በሕይወት እያለ የተመለሰች ማሳ ጥሪልኝ። አስቢ፣ ግድ የለም። ሰው ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይላል፣ ይህኛው ግን ሳይቸግር ሩዙን ከነመሬቱ ነው የሚሰጠው።

ያቺን ማሳ የምታርሳት ማን ናት? ዊርዳ ናት፣ የሟች እህቴ ልጅ። አየሽ፣ የማዶውም ሰውዬ የሞተች እህት አለችው፣ የእህቱም ልጅ ዊርዳ ትባላለች። የሰው ነገር እንዲህ ይመሳሰላል። ባሏ መርከብ ላይ ሥራ አገኘሁ ብሎ ሄዶ እንደወጣ ቀረ። ከዚያች ማሳ ሌላ የላትም። ልጆቿ የሚበሉት ከዚያች ነው፣ እኔ ይህን ከቱፓት የምጠቀልለው በዚያችው ሩዝ ነው፣ አንቺም አሁን የጎረስሽው እሱን ነው። ማሳዋ ሄደች ማለት ያቺ ልጅ ልጆቿን ይዛ ፓዳንግ ከተማ የሰው ቤት ልብስ ልታጥብ ሄደች ማለት ነው። ሌላ ትርጉም የለውም።

አጎቷን ደግሞ ስትወደው። እናቷ ስትሞት እሱ ነው እጇን ይዞ ትምህርት ቤት የወሰዳት። "እሺ አጎቴ" ከማለት ሌላ አታውቅም፣ እሱም እሺ እንደምትል ያውቃል። "ለልጆችሽ ብዬ ነው" አላት። ሊያታልላት እንዳይመስልሽ፣ ከልቡ ነው፣ እምባው መጥቶ ነበር። ክፉ ሰው ቢሆን እኮ ይቀለን ነበር፣ ክፉን በራፍ ዘግቶበት መገላገል ነው። ደግ ሰው ደላላ ያመነ ዕለት ነው ጭንቁ፣ ቤቱን እያፈረሰ "ለናንተ ብዬ ነው" ሲልሽ ምን ትዪዋለሽ?

እኔ እንደሆነ አዋቂ ነኝ አልልም። ግን ልጅ ሆኜ ስሰማ አያቶቻችን የቤት መሬት በወለድ አገድ ይያዝ የሚሉት በአራት ነገር ነበር። ሬሳ ቤት መሃል ተጋድሞ ማንሻ ሲጠፋ። ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ባል አጥታ ስትቀር። ትልቁ ቤት ሲያፈስ። የጎሳው የሹም ስም ሲወድቅና መልሶ ማቆሚያ ሲጠፋ። ከዚያ ውጪ የለም። የማዶው ሰውዬ ይህን በቃሉ ያነበንበዋል፣ እንዲያውም እኔ የረሳሁትን ያርመኛል። እስኪ እንግዲያ አብረን እንፈልግለት፣ ምናልባት እኛ ሴቶች አልታየን ይሆናል። ሬሳ አለ? ዛሬ ጧት በየክፍሉ ዞሬ አየሁ፣ ሁሉም ይተነፍሳል። ባል ያጣች ልጅ? የመጨረሻዋን ራሱ ነው የዳራት፣ ተናግሮም አስለቅሶናል። ቤቱ ያፈሳል? ቆርቆሮው አምና ተቀይሯል፣ በዚህች መደብ ገቢ ነው የተቀየረው። የሹም ስም ወድቋል? ሹሙማ ራሱ ነው…

እሱን እንለፈው። ሻይ ትጠጫለሽ?

ለማንኛውም ሞኝ ሴት ካላየች አታምንም። ረቡዕ ዕለት ዊርዳን አስከትዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩና ያንን ሀይቅ ለማየት ሄድኩ። ማሳ ውላ ስለመጣች እግሯ ጭቃ ነበር፣ ታጠቢ እንኳ አላልኳትም። ደረስን። የማስታወቂያ ሰሌዳው ያምራል፣ ሐሰት አልናገርም፣ ከሶላት ቤቱ ጣሪያ ይበልጣል። ሀይቅ ተስሎበታል፣ ጀልባ ተስሎበታል፣ ነጭ በነጭ የለበሰ ቤተሰብ አይስክሬም ይዞ ይሄዳል። ከሰሌዳው ኋላ ሄድን። ጉድጓድ አለ። ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ አለ፣ ውሃው ውስጥ የገበሬ ጎሽ ተኝቷል። እንግዲህ ሀይቅ ነው ካልሽ ሀይቅ ነው፣ ጎሹ ቅር ያለው አይመስልም።

ዙሪያውን ደግሞ የሙዝ ችግኝ። ትኩስ ነው፣ ገና መተከሉ ነው። ሴቶች ጎንበስ ብለው ይተክላሉ። አንዲቱ በዊርዳ ዕድሜ ናት፣ ልጅ አዝላለች። "ሱቅ ልትገዙ ነው የመጣችሁት?" አለችን። ሁሉም የሚመጣው ለዚያ ነው አሉ። "መሬቱ የኛ ነው፣ የእናታችን ነው፣ እኛ አልሸጥንም" አለች። ታዲያ ማን ሸጠ? አጎታቸው። ብቻውን። ሀይቁን ከሚቆፍረው ኩባንያ ጋር ተፈራረመ፣ ሴቶቹን ሳይጠይቅ፣ አንዲቷን እንኳ ሳይጠይቅ። ነገሩ ሸንጎ ደርሷል፣ እነሱም እስኪያልቅ ብለው ቁጭ አላሉም፣ ሙዛቸውን ይዘው ገብተዋል።

እስኪ ፍረጂኝ ዩስኒ። እኛ አገር መሬት ሲባል የሰው ልጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው ምንድን ነው? "ሴቶቹ ተስማምተዋል ወይ?" አይደለም? አንቺ ጎመን የምትተክዪባት ስንዝር ቦታ ብትሆን ይህን ሳትጠይቂ ትገቢያለሽ? የማዶው ሰውዬ፣ ይህን ሕግ በየሠርጉ የሚያስተምረው፣ የሀይቁን ጥልቀት ጠይቋል፣ የሱቁን የጣሪያ ከፍታ ጠይቋል፣ መኪና ማቆሚያ ጠይቋል። ያቺን አንዲት ነገር ግን አልጠየቀም። ረስቶት አይመስለኝም። ጠይቆ መልሱን እንዳይሰማ ፈርቶ ነው። ምክንያቱም እዚያ ጠይቆ ከመጣ እዚህም ሊጠይቅ ነዋ።

ዊርዳ ያቺን ልጅ ያዘለች ሴት "አጎታችሁ ክፉ ነው እንዴ?" ብላ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ቀና ብላ፣ "ኧረ ደግ ሰው ነው፣ ለልጆቻችሁ ብዬ ነው ያለን" አለቻት። ይኸው ነው። ዊርዳ ይህን ሰምታ ወደ ሚኒባሱ ቀደመችኝ። ቤት ደርሰን እግሯን ስትታጠብ፣ "አክስቴ፣ ዓርብ አልችልም ነው የምለው። አንድ ሴት እምቢ ካለች አይሆንም አይደል?" አለችኝ። አይሆንም አልኳት። አለቀሰች። ለማሳው እንዳይመስልሽ፣ ለአጎቷ ነው ያለቀሰችው። "በሰው ፊት ስል ይዋረድብኛል፣ አንቺ ቀድመሽ ንገሪው" አለችኝ።

እኔስ በምን አፌ እነግረዋለሁ? ፊት ለፊት "እምቢ ልትባል ነው" ብለው ያን ኩሩ አንገት የት ያደርገዋል? ታላቅ እህት… ታላቅ ጎረቤት ነኝ እኮ። ስለዚህ ለማንም ላልናገር ቆረጥኩ። ይኸው ላንቺ ብቻ ነው የነገርኩሽ፣ ቀስ ብዬ፣ ከቱፓት እያበላሁሽ። ሰውየው ዛሬ ከሶላት በኋላ የማሳዋን ነገር ባያነሳስ? "እንዲሁ ልጠይቃችሁ ነው የሰበሰብኳችሁ" ቢለንስ? ሩዝ አለ፣ ዓሣ ጠብሻለሁ፣ እንበላለን፣ ስለ ዝናቡ እናወራለን፣ ማንም ማንንም እምቢ ሳይል ይመሻል። ዊርዳም "እሺ አጎቴ" የምትልበት ሌላ ነገር አታጣም። ካነሳው ግን… ልጅቷ አፏን ትከፍታለች። ከፈተች ማለት ደግሞ ከእንግዲህ ዝም አትልም፣ የኔ ወገን ናት።

ስልክ ነው የሚጮኸው? የሱ ነው መሰለኝ። የወንድሜ። አላነሳውም? … ይገርማል፣ ደላላውን ሌላ ጊዜ በመጀመሪያው ጥሪ ነበር የሚያነሳው። አሁንም ይጮኻል። ተዪው፣ ይጩህ።

ተነሳ። ሻዩን ሳይጨርስ? ምናልባት ውዱእ ሊያደርግ ይሆናል፣ ጊዜው ደርሷል። ዞር አትበዪ፣ እንዳያፍር፣ እንዲሁ ብይ። ወደኛ ነው እንዴ የሚመጣው? አይ፣ በኛ በኩል አልፎ ነው የሚሄደው። እንዴት አማረበት ዛሬ፣ ነጭ በነጭ። ወይ ወንድሜ።

እንግዲህ የማዶውን ሰውዬ ካነሳን አይቀር ሳንመርቀው አንለየው፣ ነውር ነው። አላህ ዕድሜውን ያርዝምለት። የልጅ ልጅ ያሳየው። ጉልበቱን አይንሳው፣ ዓይኑን አይንሳው። ከሰው በፊት አይጥራው፣ እኔን ያስቀድመኝ። ያ ቀን ሲመጣ ደግሞ፣ ብዙ ዘመን ኖሮ፣ ጠግቦ፣ በተኛበት ሲመጣ፣ ምንም እንዳይጨነቅ። ኮረብታው ላይ በጎሳችን መቃብር፣ ከእናታችን እግር ሥር፣ ለሱ የተተወች ስንዝር ቦታ አለች። የዛፍ ጥላ አላት፣ ነፋሻ ናት። ሄዶ ይያት፣ ይርገጣት፣ ማንንም ይጠይቅ። ያቺን መሬት እኛ ሴቶቹ አንድ ሳንቀር ተስማምተንለታል። አሚን በይ፣ ዩስኒዬ።